የቀኗና የሌሊቷ

አክስቴ የገዛ ቤቷን በር አንኳኩታ ነው የምትገባው። ቁልፉ በእጇ ሆኖ፣ ውስጥ ማንም እንደሌለ እያወቀች፣ በመሃል ጣቷ አንጓ ሁለት ጊዜ ቀስ አድርጋ ትመታና ጆሮዋን ወደ በሩ ዘንበል አድርጋ ትቆያለች፤ ቁልፉን የምታዞረው ከዚያ በኋላ ነው። እናቴ ሞታ እሷ ዘንድ ለማደግ በመጣሁ ጊዜ የሰው ሁሉ ልማድ መስሎኝ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ባዶ ቤት አንኳኳ ነበር። ሌላው ሰው እንደዚያ እንደማያደርግ ያወቅኩት፣ አንድ ቀን የክፍል ጓደኛዬን ቤት ይዣት መጥቼ ሳንኳኳ «ለማን ነው? ለአይጦቹ?» ብላ የሳቀችብኝ ጊዜ ነው። አክስቴን ግን ለምን ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። በእኛ ቤት ጥያቄ እንደ ጨው ነው፤ ትንሽ ከበዛ የቀረበውን ሁሉ ያበላሻል።

የዚያን ቅዳሜ ጠዋትም አንኳኳች። እኔ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሼ ለዕለቱ ሥራ የሚያስፈልጉኝን ወረቀቶች እያስተካከልኩ ነበር። «ክፍት ነው እኮ፣ እትዬ!» አልኩ። መልሴን እንዳልሰማች ሆና የምትቆየውን ያህል ቆይታ ገባች፤ ሁለት ዳቦ ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጠችና «ዋጋው ያው ነው፤ እሱ ራሱ ግን እንደ እኔ በየዓመቱ ያንሳል» አለች። ቤታችን አንዲት ክፍል ናት፤ በመጋረጃ ለሁለት ተከፍላለች። ከመጋረጃው ወዲያ የምንተኛበት አልጋ፣ ወዲህ የአክስቴ የልብስ ስፌት መኪና፣ የእኔ ጠረጴዛና የደንበኞች ልብስ የሚንጠለጠልበት ገመድ አሉ። መስኮቱ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር ስለሚፋጠጥ ቀንም መብራት እናበራለን። አክስቴ የኮሌጁን ተማሪዎች ሱሪ ታሳጥራለች፣ የተበላሸ ዚፕ ትቀይራለች፣ አንገቱ ያለቀ ሸሚዝ ፈትታ ትገለብጣለች። ዚፕ በተወደደ ቁጥር ከደንበኞቿ ጋር ትጨቃጨቃለች፤ ጭቅጭቁን ሁልጊዜ የምትረታው እሷ ስትሆን፣ ገንዘቡን ሁልጊዜ የምትተወውም እሷው ናት።

በዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር ከጥቂት ቀናት በፊት፣ ድሮ ሳይፈርስ ከአየር የተነሣውን የአሮጌውን ሰፈር ፎቶግራፍ ዘርግቼ ሳጠና የነበረው። የታሪክ ትምህርት ክፍል የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች የከተማችንን ታሪክ አጥንተን እንድናቀርብ ታዘን ነበር። ሌሎቹ ቡድኖች ምስላቸው በኮሪደሩ የተሰቀለውን የኮሌጁን መሥራቾች ተሻሙ። እኛ የያዝነው እኔ ከመወለዴ አስቀድሞ፣ ኮሌጁ ሲስፋፋ የፈረሰውንና ዛሬ የስፖርት ሜዳ የሆነውን ሰፈር ነው። ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነበርኩ፤ በየቀኑ የምንሮጥበት ሣር ሥር የሰው ምድጃ እንዳለ ማወቅ ግዴታችን ነው ብዬ ስከራከር ከልቤ ነበር። አክስቴ ሻይ ይዛ መጥታ ብርጭቆውን የምታሳርፍበት ቦታ ስትፈልግ እጇ ፎቶግራፉ ላይ ቆመ። ጥፍር የምታክል አንዲት ጣሪያ በጣቷ ሸፍና፣ «ይቺ ታፈስ ነበር» አለች። ቀና ብዬ «የትኛዋ?» ስላት ጣቷን አነሣች። «ሻይሽ ይቀዘቅዛል» ብላ ወደ መኪናዋ ተመለሰች፤ ያን ምሽት መኪናው ያለ ማቋረጥ ሲንኳኳ አመሸ። እኔም ጣቷ አርፎባት የነበረችውን ጣሪያ በእርሳስ ከበብኳት።

«ዛሬ ትመጫለሽ አይደል?» አልኳት እንግዲህ፣ ዳቦውን እየቆረስኩ። «የድሮ ነዋሪዎቹ ሁሉ ይመጣሉ። ቤታቸውን ለይተው ላሳዩ ሰዎች ስማቸው ችካል ላይ ተጽፎ ይተከላል፤ ከዚያ ድንጋይ ቀራጩ ስሞቹን ወስዶ በሜዳው መግቢያ በሚቆመው ድንጋይ ላይ ይቀርጻቸዋል። ኮሌጁ ፈቅዷል።»

«እሰይ። ድንጋይ አያፈስም» አለች አክስቴ።

«አንቺስ?»

«እኔ እዚያ ቤት የለኝም።» በጥርሷ ክር በጠሰች። «ብዪ፣ ሳይደርቅ።»

ሜዳው ላይ ስደርስ ሰፈሩ ነጭ ሆኖ መሬት ላይ ተኝቷል። የሜዳው ጠባቂ የኳስ ሜዳ መስመር የሚያሰምርበትን ባለ ጎማ የኖራ ማፍሰሻ አውሶን፣ ፎቶግራፉን በሜትር እየመነዘርን እያንዳንዱን ቤት በእውነተኛ ልኩ ሥለነው ነበር፤ ግድግዳው ነጭ መስመር፣ በሩ መስመር የተዘለለበት ክፍተት። በወረቀት ላይ ያማረ ሐሳብ ነበር፤ መሬት ላይ ሲወርድ ግን የቤቶቹ ጥበት አስደነገጠን። ከጓዶቻችን ረጅሙ በአንዱ ክፍል ውስጥ ተጋድሞ ለካና «እግሬ ጎረቤት ሄደ!» ብሎ አሳቀን። ያልጠበቅነው ሰዎቹ የሚያደርጉትን ነበር። እኛ ሥዕል ልናሳያቸው ነበር የጠራናቸው፤ እነሱ ግን ቤታቸው ገቡ። ማንም ኖራውን አልረገጠም። አንዲት ረጅም አሮጊት በራሷ በር ክፍተት ስታልፍ፣ ከላይዋ ሰማይ ብቻ እያለ፣ አንገቷን ዝቅ አደረገች። የሰፈሩ ጸጉር አስተካካይ የነበሩት አዛውንት ደግሞ ምርኩዛቸውን ይዘው የረድፉን ቤቶች በሙሉ ዞረው ወደ ሱቃቸው ሊሄዱ ሲሉ የቡድናችን መሪ እጁን እያወዛወዘ፣ «አባባ፣ በዚህ ያቋርጡ፤ ያሳጥርልዎታል!» አላቸው።

«በሰው መኝታ ቤት?» አሉ አዛውንቱ። «ባልየው ቤት ቢኖርስ?»

የቡድናችን መሪ ሊቀመንበር ነው የሚባለው፤ ሁለት ሰው ቆሞ ሲያወራ እንኳ አጀንዳው ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ልጅ ስለሆነ ነው። በአንድ እጁ ችካሎቹን፣ በሌላው ወፍራም እስክሪብቶ ይዞ ከቤት ቤት ይዞራል። ጭቅጭቅ እንዳይነሣ ብዬ ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ፤ አንድ ቤት፣ አንድ ስም፣ አንድ ምስክር። ደንቡ ጥሩ እየሠራ መሆኑን በማየት ደስ እያለኝ ሳለሁ ነው ሊቀመንበር ለድንጋይ ቀራጩ ሲናገር የሰማሁት፤ «የቧንቧው ጥግ ያለችው ቤት አልቃለች። ሽንኩርት ነጋዴዋ በእናቷ ስም ወስዳታለች።» ፎቶግራፉን ከቦርሳዬ ማውጣት አላስፈለገኝም። በቧንቧው ጥግ ያለችው ቤት በእርሳስ የከበብኳት ነበረች።

ሽንኩርት ነጋዴዋ የሥራ ሽርጧን እንዳገለደመች በኖራው ክፍል መሃል አንድ ሣጥን ገልብጣ ተቀምጣለች፤ ሰፊ ሴት ስለሆነች ቤቱ ሞልቷል። ችካሉ በበሩ ክፍተት አጠገብ ተተክሏል። ከክፍተቱ ውጭ ቆሜ፣ ድምፄን በተቻለኝ መጠን ጨዋ አድርጌ፣ «ይቅርታ፣ እትዬ፤ ይቺ ቤት ሌላ ባለቤት አላት» አልኳት።

«ማን ናት?»

«አክስቴ።»

«የት አለች?»

«ቤት ናት።»

«የገዛ ቤቷን ትታ ቤት ተቀመጠች?» ከጎረቤት መስመሮች ሳቅ ተሰማ። «ስሚ የኔ እመቤት፣ ሳትወለጂ በፈረሰ ቤት ልትመሰክሪ ነው? እናቴ አምና እስክትቀበር ድረስ የዚህን ቤት ወሬ አልተወችም። ሌሊት ሌሊት የምትተኛው እዚህ ነበር። ምስክር ካልሽ ያውልሽ ምስክር።» አዛውንቱን በአገጯ አመለከተችኝ።

ጸጉር አስተካካዩ ምርኩዛቸውን ተደግፈው አሰቡ። «እናቷን አውቃታለሁ። ማለዳ ከዚህ በር ወጥታ ወደ ገበያ ስትወርድ ሱቄ ሆኜ አያት ነበር» አሉ። ከዚያ ግንባራቸው ተቋጠረ። «ግን ደግሞ አንዲት ቀጭን ልጅ ነበረች፣ የፋብሪካ ልጅ። እሷም ከዚሁ በር ነው የምትወጣው፤ ግን ማታ።»

«ታዲያ ቤቱ የማን ነበር?»

«እኔ ጸጉር ቆራጭ ነኝ እንጂ ዳኛ ነኝ?»

ሊቀመንበር ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ድንጋይ ቀራጩ የተተከለውን ስም ይዞ እንደሚሄድ፣ ደንቡንም ያወጣሁት ራሴ መሆኔን አስታወሰኝ። አክስቴ በሕይወቷ ሙሉ በሰው ልብስ ላይ አጎንብሳ የኖረች፣ ስሟ በደንበኞቿ አፍ ቢጠራ እንጂ የትም ተጽፎ የማያውቅ ሴት ናት። ስሟ የሚቀረጽበት አንድ ድንጋይ ቢገኝ እሱም በጮሌ ሰው ሊወሰድ ነው ብዬ ተቃጠልኩ፤ ከሜዳው እስከ ሰፈራችን ያለውን ዳገት እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም።

በሩን ሳላንኳኳ ከፈትኩት። አክስቴ እንደ ወትሮዋ ደነገጠች፣ እንደ ወትሮዋም አልተናገረችኝም፤ እግሯ የመኪናውን መርገጫ እንደረገጠ ቀጠለ።

«እትዬ፣ ቤትሽን እየወሰዱብሽ ነው።»

«ይውሰዱት። የት ያደርሱታል?»

«ቀልድ አይደለም። አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ናት፤ ‹እናቴ ሌሊት ሌሊት እዚህ ትተኛ ነበር› ትላለች።»

መኪናው ቆመ። መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደተተከለ ቀረ። ከጎረቤት የሬዲዮ ድምፅ፣ ከውጭ የውኃ ባልዲ ሲጎተት ይሰማ ነበር። «ሌሊት ሌሊት ነው ያለችው?» አለች።

«አዎ።»

«እናቷ የት አለች?»

«ሞታለች። አምና ነው የተቀበረችው።»

«አምና» አለች አክስቴ። ቃሉን እንደ ጨርቅ በጣቶቿ መሃል ይዛ የምታሸው ይመስል ነበር። «አምና?»

ከዚያ በኋላ ነገረችኝ። አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ከተናገረችኝ የሚበልጠውን በአንድ ጊዜ ተናገረች፤ ዓይኖቿ ግን ከበሩ ላይ አልተነሡም። «እኔ ፋብሪካ የማታ ፈረቃ ነበርኩ» አለች። «እሷ ቀን ገበያ ትውላለች። አከራዩ አንዷን አልጋ ለሁለታችን አከራየን፤ ቀኑ ለእኔ፣ ሌሊቱ ለእሷ። ሊነጋጋ ሲል መጥቼ አንኳኳለሁ። ትነሣና ከፍታ ‹ግቢ፣ አልጋው ገና ትኩስ ነው› ትለኛለች። ማታ ደግሞ እሷ ታንኳኳለች፣ እኔም እንደዚያው እላታለሁ። አንዷ ጫማ እስክታወልቅ፣ ሌላዋ እስክታስር፤ ወሬያችን ያቺው ናት። አንድ ቀን ቀሚሷ ተቀድዶ ተሰቅሎ አየሁና ሰፍቼላት ተኛሁ። በማግስቱ ትራሴ ሥር ብርቱካን አገኘሁ። መስፋት እንደምችል ያወቅኩት ያን ቀን ነው።»

«ስሟ ማን ነበር?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ዞረች፤ ፊቷ ላይ ያየሁት ኀፍረት ከዕድሜዋ ጋር የማይሄድ፣ የልጃገረድ ኀፍረት ነበር። «መጀመሪያ ቀን ነግራኝ ነበር። ከሥራ መጥቼ እንቅልፍ ዓይኔን ይዞት አልሰማኋትም። ከዚያ በኋላ መጠየቅ አፈርኩ፤ በቆየ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። እሷም የእኔን የያዘችው አልመሰለኝም፤ ‹የቀኗ› ነው የምትለኝ። እኔ ‹የሌሊቷ› እላታለሁ። ቀልድ ነበር፤ ቆይቶ ስም ሆነ።»

ሰፈሩ በፈረሰበት ማለዳ ከፈረቃዋ ስትመለስ መንገዱ በገመድ ታጥሮ አገኘችው። ይፈርሳል ሲባል ከርሞ ነበር፤ ቀኑ ግን እንዲያ በድንገት ይሆናል ያለ አልነበረም። ዶዘሮቹ ከታች በኩል ገብተው ነበር፤ ሰው ዕቃውን ተሸክሞ በአቧራ ውስጥ ይራወጣል። ለዘበኛው «ውስጥ የተኛች ሰው አለች፣ እኔ ካላንኳኳሁ አትነሣም» አለችው። ሁሉም ወጥቷል አላት። አልወጣችም ብላ ገመዱን ያዘች። «‹ስሟን ንገሪኝና ልጣራ› አለኝ» አለች አክስቴ። «‹የሌሊቷ› አልኩት። ሳቀብኝ።» እስከ ቀትር እዚያው ቆመች። ቀትር ላይ አንዲት ሴት ተኝታ ሳለች ግድግዳ ተንዶባት ቀረች የሚል ወሬ በገመዱ ዳር አለፈ፤ ማን እንዳመጣው አልታወቀም። ሐኪም ቤት ሄደች፣ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች፤ በሁሉም ቦታ የጠየቋት ያንኑ ነበር። ስም።

በገበያው ለምን አልፈለግሻትም አልኳት፤ ያኔ ተገቢ ጥያቄ መስሎኝ ነበር። «ፊቷን በብርሃን አይቼው አላውቅም» አለች። «ሁልጊዜ ወይ ሊነጋ ሲል ነው፣ ወይ ሊመሽ ሲል። ገበያ ስሄድ ሽንኩርት የምትሸጥ ሁሉ እሷን ትመስለኛለች። ማን ብዬ ልጥራት?» ደግሞም፣ ለራሷ በሚመስል ድምፅ፣ «እስከ ዛሬ ሽንኩርት የምገዛው ከዚያው ገበያ ነው» አለች። ተነሥታ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። ስትወጣ የተሻለ ቀሚሷን ለብሳ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ለማሰር ብዙ ጊዜ ወሰደች።

ስንደርስ ፀሐይ ከኮሌጁ ሕንፃዎች ጀርባ እየወረደች ነበር፤ የሰዎቹ ጥላ ረዝሞ በኖራ ግድግዳዎች ላይ እያለፈ ከቤት ቤት ይገባል። አክስቴ መንገዱን አልጠየቀችኝም። በሜዳው መግቢያ ጥቂት ቆመች፣ ከዚያም እኔ የማላያቸውን ማዕዘኖች እየታጠፈች ሄደች፤ አንድ ቦታ ላይ የቆሸሸ ውኃ እንደሚሸሽ ሰው ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ እርምጃዋን አሰፋች። ሽንኩርት ነጋዴዋ እኔን ስታይ «መጣች ደግሞ ጠበቃዋ» ብላ ልትጀምር አፏን ከፍታ ነበር። አክስቴ ግን እሷንም አላየቻትም። በክፍተቱ ፊት ቆመች፤ እጇን አነሣች፤ የምትመታው በር እንደሌለ ያስተዋለችው ያኔ ይመስለኛል። ዞር ብላ ችካሉን አየችና በመሃል ጣቷ አንጓ ሁለት ጊዜ፣ ቀስ አድርጋ፣ እንጨቱን መታችው። ጆሮዋንም ዘንበል አድርጋ ጠበቀች።

የሽንኩርት ነጋዴዋ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ቁጣው መጀመሪያ ወደ ግርምት፣ ከዚያ ፍርሃት ወደሚመስል ነገር ተቀየረ። ከሣጥኑ ላይ ቀስ ብላ ተነሣች፤ እጆቿን በሽርጧ ጠረገች፤ በሩ መሆን በነበረበት ቦታ መጥታ ቆመች። የወጣው ድምፅ የቅድሟ ተከራካሪ ሴት ድምፅ አልነበረም።

«ግቢ፣ አልጋው ገና ትኩስ ነው።»

አክስቴ ጫማዋን ደጃፉ ላይ አውልቃ ገባች። ቤቱ ለሁለት ቋሚ ሰው አይበቃም፣ ትንፋሻቸው ይገናኝ ነበር። «ከማን ሰማሽው?» አለች አክስቴ።

«ከእናቴ ነዋ! በየቀኑ እኮ ነው!» አለች ሽንኩርት ነጋዴዋ፤ ዓይኗ ሞልቶ ነበር። «ሊነጋጋ ሲል ትነሣና በሩን ከፍታ፣ ባዶ ደጅ ላይ ቆማ ይህንኑ ትላለች። ብርድ ይገባል፣ እኛ እንጮሃለን። አባቴማ ‹ይቺ ሴትዮ አንድ ቀን ሌባ ግባ ልትልብን ነው› እያለ ሌላ ክፍል ሄዶ ተኛ። የቀኗ ልትመጣ ትችላለች ትለን ነበር። የቀኗ ማን ናት ስንላት ሞታለች ትላለች። የሞተ ሰው ይመጣል እንዴ ስንላት ደጁን ታያለች።»

«ሞታለች አለች?»

«ግድግዳ ተጭኗት። ያን ቀን እናቴ የማሽኑ ጩኸት ቀስቅሷት ወጥታ ኖሯል። ወሬውን ሰማች፤ አንዲት ሴት ተኝታ ቀረች ሲሉ። ‹የቀኗ ናት፤ እኔን ፍለጋ ገብታ፣ ደክሟት አልጋው ላይ ጋደም ብላ ነው› ብላ ደመደመች። ፋብሪካው በር ድረስ ሄዳለች። ዘበኛው ስም ጠየቃት።» እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «ከዚያ ወገኖቿ ዘንድ ሄዳ ብዙ ዓመት ቆየች። እኔን ወልዳ ነው የተመለሰችው።»

አክስቴ አንገቷን ነቀነቀች፤ ሁለት እብዶች በአንድ ከተማ፣ አንዷ ስታንኳኳ ሌላዋ ስትከፍት ኖሩ አለች፣ ፈገግ ለማለትም ሞከረች። ሽንኩርት ነጋዴዋ ጎንበስ ብላ ችካሉ ላይ የተጻፈውን ልታነብላት ስትል እጇን ያዘቻት። «በጆሮዬ ንገሪኝ። ዛሬ እንቅልፍ የለብኝም።» ሴትየዋ ወደ ጆሮዋ ተጠግታ ተናገረች። የአክስቴ ከንፈሮች ሲንቀሳቀሱ አየሁ፤ ስሙን እየደጋገመች ነበር፣ ዳግመኛ እንዳያመልጣት።

ሊቀመንበር ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይገባው ችካሉን ይዞ፣ «ደንቡ አንድ ቤት አንድ ስም ነው የሚለው» አለኝ በሹክሹክታ።

«ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እኔው አሻሽዬዋለሁ።»

«ያለ ስብሰባ?» አለ፤ እስክሪብቶውን ግን ከፈተ። «ምን ብዬ ልጻፍ?»

«የቀኗና የሌሊቷ በል» አሉት ሁለቱ ሴቶች፣ አንዷ ቀድማ፣ ሌላዋ ተከትላ።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ በደስታ ወደ ቤት በተመለስኩ ነበር። የጥናታችንን መደምደሚያ እንኳ በልቤ መጻፍ ጀምሬ ነበር። አክስቴ ጫማዋን ልታደርግ ጎንበስ ባለችበት ቆመች። «እንግዲያ ማን ናት?» አለች።

«ማን?»

«ግድግዳው የወደቀባት። እኔ አይደለሁም። እሷም አይደለችም።»

መልስ የነበረኝ እኔ ነበርኩ፤ ሰፈሩ ሲፈርስ የሞተ ሰው እንዳለ የሚያሳይ ምንም ማስረጃ አለማግኘታችንን በጥናቱ ውስጥ አስፍሬያለሁ። ያንኑ ተናገርኩ። ስናገረው ግን አክስቴ በገመዱ ዳር ቆማ ከዘበኛው የሰማችው መልስ ከእኔ አፍ ሲወጣ ሰማሁት። ጸጉር አስተካካዩ ምርኩዛቸውን አንሥተው ወደ ሜዳው ታችኛው ዳር አመለከቱ። እዚያ፣ ዶዘሮቹ በገቡበት በኩል፣ ከረድፉ ተነጥላ አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን አለች። በፎቶግራፉ ላይ የዕቃ ማስቀመጫ ስለመሰለችን ሣልናት እንጂ ባለቤት አልጠበቅንላትም። ቀኑን ሙሉ ማንም አልገባባትም፤ ማንም ግን አላቋረጣትም፤ በዙሪያዋ ያለው ሣር ተረግጦ ውስጧ እንደ ጠዋቱ ቆሟል።

«እዚያ ሰው ነበር እንዴ፣ አባባ?»

አዛውንቱ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አሳረፉ። «እንጃ ልጄ» አሉ። «መብራት ይታይ ነበር።»

አክስቴ ከሊቀመንበር እጅ አንድ ያልተጻፈበት ችካል ወሰደች። ምን ተብሎ እንደሚጻፍበት ሲጠይቃት «አትጻፍ» አለችው፤ «ትከለው ብቻ።» ድንጋይ ቀራጩ ስሞቹን ይዞ ሄደ፤ ባዶው ችካል ጋ ሲደርስ ቆሞ አየውና ለዚህ ስንት መስመር ልተው ብሎ ጠየቀ። መልሶ ራሱ፣ አንድ መስመር ባዶ እተዋለሁ አለ።

ዳገቱን ወጣን። አክስቴ ከሽንኩርት ነጋዴዋ በግድ የተሰጣትን ሽንኩርት በከረጢት ይዛ ነበር፤ ከረጢቱ እግሯን እየነካ ይንኮሻኮሻል። የቤታችን ኮሪደር ጋ ስንደርስ ድንግዝግዝ ብሎ ነበር፣ እሷ እንደምትለው ሊመሽ ሲል። ቁልፉን ከደረቷ አወጣች። ከእንግዲህ አታንኳኳም ብዬ ነበር። የምታንኳኳላት ሴት እስከ አምና በሕይወት እንደነበረች፣ ስሟንም ጭምር አውቃለች፤ የቀራት ነገር የለም ብዬ ነበር። አክስቴ ከረጢቱን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ እጇን አነሣች፣ ሁለት ጊዜ መታች። ጆሮዋንም ዘንበል አድርጋ ቆመች፤ በሌላ ቀን ከምትቆየው በላይ ቆየች።

እኔም ከኋላዋ ቆሜ አዳመጥኩ።